የአስታማሚ ቤት ማሽን በኪሎ አይገዛም

ከመርካቶ እስከ መገናኛ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊገዛ ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው በቅድሚያ የሚቀርብለት ጥያቄ ያው አንድ ነው። «ስንት ኪሎ ነው የፈለጉት?» ይባላል። 7 ኪሎ አለ፤ 10 ኪሎ አለ፤ 12 ኪሎም ይገኛል። ኪሎው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ዕቃው የተሻለ ይመስላል። ለሸሚዝና ለሱሪ ወይም ለልጆች ዩኒፎርም ከሆነ ይህ አነጋገር ብዙም ጉዳት የለውም። አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ላለበት ቤት ግን ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

እንዲህ ስላለው ቤት ገበያው ብዙም አያወራም። አባት ደም ግፊት ጥሏቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ይላል። እናት የመርሳት በሽታ ይዟቸው የመጸዳጃ ቤቱ መንገድ ይጠፋባቸዋል። ሌላው ደግሞ የሆስፒታሉ ሕክምና ያበቃና «ቤት ወስዳችሁ አስታሙት» ተብሎ ይሰናበታል። የአዋቂ ዳይፐር በየቀኑ ሲገዛ ኪስ ያራቁታልና ቤተሰቡ ማታ ማታ ብቻ ይጠቀምበትና ቀኑን በጨርቅና በአንሶላ ይብቃቃል። በደህናው ቀን 2 ጊዜ የሚቀየር አንሶላ ሆድ በተበላሸ ዕለት 4 እና 5 ጊዜ ይቀየራል። በዚያ ላይ ፒጃማው፣ ፎጣው፣ ከሥር የሚነጠፈው ጨርቅ፣ ጋቢው አለ።

ይህን ሁሉ በሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የምታጥበው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጃቸው ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። የማሽን ነገር በቤተሰቡ ስብሰባ ላይ የሚነሳውም ሠራተኛዋ «ይኼስ ከአቅሜ በላይ ነው» ብላ ሻንጣዋን ያነሳች ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ወንድም ከዋሽንግተን፣ እህት ከዱባይ ገንዘብ ይልካሉ። ገንዘቡ ደርሶ ወደ ሱቅ ሲኬድ «ስንት ኪሎ?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቃል። ቤተሰቡም ችግሩ ብዙ ነውና «ትልቁን ስጠን» ይላል።

አንድ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት ለምሳሌ ይታሰብ። ውሃ በፈረቃ በሳምንት 2 ቀን ይመጣል፤ በቀሪው ጊዜ ቤተሰቡ በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቀመውን ይጠቀማል። የተገዛው 12 ኪሎ የሚይዝ፣ ከላይ የሚከፈት፣ «ሙሉ አውቶማቲክ» የተባለ ማሽን ነው። ይህ ማሽን 2 አንሶላና 1 ፒጃማ ለማጠብ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል፤ የሚያጥበውም ከቧንቧ በመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አንሶላው ሲወጣ ነጭ ይመስላል፤ ሕመምተኛው ተኝቶበት ሰውነቱ ሲያሞቀው ግን የቀረው ሽታ ይነሳል። ሦስተኛ ሳምንት ላይ ሳፋው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ማሽኑ ዳንቴል ይለብስና የቴርሞስ ማስቀመጫ ይሆናል። ስህተቱን የሠራው ማሽኑ አይደለም። ለተሠራበት ሥራ ደህና ዕቃ ነው። ስህተቱ የተሠራው ሱቅ ውስጥ፣ በጥያቄው ላይ ነው።

በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ውሃውን ራሱ ያሞቃል ወይስ አያሞቅም የሚለው ነው። ኪሎው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የአስታማሚ ቤት እድፍ ከአቧራና ከላብ የተለየ ነው። ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ ደም፣ ትውከት፣ የቁስል ፈሳሽ፣ ለገላው የሚቀባው ቅባት ሁሉም በአንድ አንሶላ ላይ ይገናኛሉ። ከእነዚህ መካከል ደምና ዓይነ ምድርን የመሳሰሉት ፕሮቲን አለባቸው፤ ፕሮቲን ደግሞ በድንገት ትኩስ ውሃ ሲያገኘው እንደ እንቁላል ይበስልና ጨርቁ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መለቅለቅ አለበት። ቅባቱና ጀርሙ ግን በቀዝቃዛ ውሃ አይበገሩም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወቅት ባወጣው መመሪያ በሕመምተኛ ልብስ ላይ ያሰፈረው በማሽን ከ60 እስከ 90 ዲግሪ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠብ የሚል ነው። እንግሊዞች ለሆስፒታሎቻቸው የደነገጉት ደግሞ 65 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ወይም 71 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆይ የሚል ነው። ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ጨርቅ የሆስፒታል ደረጃ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ሽንት ብቻ የነካው አንሶላ ቶሎ ከተለቀለቀ በ40 ዲግሪና በጥሩ ሳሙና ይጠራል። ሆድ የተበላሸ፣ ቁስል የሚያዥ ወይም ተላላፊ ነገር ያለ ዕለት ግን 60 ዲግሪ የግድ ነው።

እዚህ ላይ ነው የገበያው ዝምታ ሸማቹን የሚጎዳው። ከላይ የሚከፈቱት ማሽኖች ብዙዎቹ፣ ባለ ሁለት ገንዳዎቹ ደግሞ በአብዛኛው፣ የራሳቸው ማሞቂያ የላቸውም። ሻጩ ሲጠየቅ «ሁሉም አለው» ይላል፤ ወይም «ሞቅ ያለውን ቁልፍ እዩት» እያለ ሰሌዳውን ያሳያል። የአንዳንዱ ማሽን «ሙቅ» የሚለው ቁልፍ ግን የሚከፍተው የሙቅ ውሃ ቧንቧ መግቢያውን ብቻ ነው፤ ሙቅ ውሃው ከቤቱ ቦይለር መምጣት አለበት ማለት ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ደግሞ ከ100 ሊትር በላይ የሚጠጣ ማሽን አያጠግብም። በዚያ ላይ ሕመምተኛው የሚታጠብበት ውሃ ያልቃል።

ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግም። ማሽኑ ጀርባ ላይ ወይም በሩ አጠገብ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፤ ቮልቱ፣ ኸርዙና ዋቱ ሰፍሮበታል። ዋቱ ከ300 እስከ 600 ከሆነ ያ ማሽን ሞተር እንጂ ማሞቂያ የለውም። ወደ 2000 የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ከሆነ ባለሙያዎች ሬዚስታንስ የሚሉት ማሞቂያ አለው። ይህን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ኢንቨርተር» የሚለው ቃል ስለ ሞተሩ ነው የሚናገረው፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ድምፅም ይቀንሳል፤ ስለ ሙቀት ግን የሚለው ነገር የለም። «20 ፕሮግራም» የሚለውም እንዲሁ ነው። አስታማሚ የሚጠቀመው 3 ፕሮግራም ነው፤ ቀዝቃዛ መለቅለቂያ፣ የጥጥ 60 ዲግሪ፣ መጭመቂያ። ሌላው ጌጥ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ኢኮ» ተብሎ የተሰየመው የቁጠባ ፕሮግራም 60 ቢጻፍበትም ብዙ ጊዜ ውሃውን እስከ 60 አያደርሰውም። በአነስተኛ ሙቀት ረጅም ሰዓት በማሽከርከር ነው ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው። ለዘወትር ልብስ ብልህነት ነው፤ ለሕመምተኛ ልብስ ግን ተራው የጥጥ 60 ይመረጥ።

ለአዲስ አበባ ገዥ ልዩ የሆነ ሌላም ነገር አለ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 90 እና 95 ዲግሪ የሚል ፕሮግራም እዚህ ማሽኑ ውስጥ ውሃውን ማፍላት ይሆናል፤ 95ማ ጨርሶ አይደረስበትም። አንዳንድ አምራቾች ከ2000 ሜትር በላይ ለሆነ ከፍታ ሙቀቱ ከ80 እንዳያልፍ የሚያደርግ ማስተካከያ በማሽኑ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ 95 ዲግሪ ስላለው ብቻ ተጨማሪ ዋጋ የሚጠየቅበት ማሽን ለደሴ፣ ለደብረ ብርሃንም ሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ትርፉ ትንሽ ነው። 60 በትክክል ከደረሰ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ነው፤ ይህ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ የሚታይ ጉዳይ ነው። ከፊት የሚከፈተው ማሽን በአንድ ማጠብ የሚፈጀው ከ40 እስከ 60 ሊትር አካባቢ ነው። በቀን 2 ጊዜ ቢታጠብ 100 ሊትር፣ ማለትም 5 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ከላይ የሚከፈተው ትልቁ ማሽን ለዚሁ ሥራ 12 እና 13 ጀሪካን ሊወስድ ይችላል። ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ልዩነት ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል።

ይሁንና ከፊት የሚከፈተው ማሽን ግፊት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ቢያንስ ግማሽ ባር ግፊት ይጠይቃሉ፤ ግማሽ ባር ማለት ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። ምድር ቤት ያለው ማሽን ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ በደህና ይጠጣል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለው፣ ሮቶው ከራሱ በላይ 2 ሜትር ብቻ የሆነበት፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ይቆይና ማሽኑ «ውሃ የለም» ብሎ ይቆማል። ያኔ ጠጋኝ ይጠራል፤ ጠጋኙም ምንም ያልሆነውን ማሽን ይፈታዋል። ችግሩን የምትፈታው ግን ትንሽ የግፊት ፓምፕ ናት። ማሽን ከመግዛት በፊት ሜትር ይዞ ጣሪያ መውጣት ገንዘብ ያድናል።

ግፊትም ሮቶም የሌለው፣ ውሃ በጀሪካን የሚቀዳበት ቤትስ? ለዚህ ቤት ርካሹ ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ከትልቁ አውቶማቲክ ይሻላል። ውሃው በእጅ ይሞላለታል፤ ስለዚህ በከሰል ወይም በምድጃ የሞቀ ውሃ ሊጨመርበት ይችላል። ገንዳው ፕላስቲክ ነውና የፈላ ውሃ አይችልም፤ መመሪያው የሚፈቅደውን ሙቀት አይቶ በቀዝቃዛ ማደባለቅ ያስፈልጋል። መጭመቂያው ደግሞ ጥሩ ነው፤ በክረምት አንሶላ ቶሎ የማይደርቅበትን ችግር ያቃልላል። መብራት ቢጠፋም ክዳኑ ይከፈታል፤ የቆሸሸ ውሃ ውስጥ የተቆለፈ ልብስ የለም። መነገር ያለበት ጉዳቱ የውሃው ነው። ባለ ሁለት ገንዳ ውሃ ቆጣቢ የሚባለው አንዱን ውሃ ለሁለትና ለሦስት ዙር ልብስ ስለሚያገለግል ነው፤ የሕመምተኛ ልብስ የታጠበበት ውሃ ግን ለሌላ ልብስ አይውልም። ሙቀቱም 60 ስለማይደርስ ቀሪውን ሥራ የሚሠሩት በረኪናና ፀሐይ ናቸው።

በረኪና ላይ ቆም ማለት ይገባል። ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ በማሽን ማሞቅ ለማይችል ሰው ያስቀመጠው መንገድ ልብሱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፎ በእንጨት እያማሰሉ ማጠብ፣ ከዚያም 0.05 በመቶ በሆነ ክሎሪን ለ30 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ፣ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 1 እጅ ለ99 እጅ ውሃ ማለት ነው፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 100 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። በየቤቱ ግን በረኪና የሚጨመረው በግምት ነው፤ ያውም ሽንት የጠጣ አንሶላ ላይ በቀጥታ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ የምታጥብ ሴት ዓይኗ የሚያቃጥላትና የሚያስላት በዚህ ምክንያት ነው። በቅድሚያ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቅልቆ፣ በሳሙና ታጥቦ ነው በረኪና የሚገባው። ከሎሚና ከአቸቶ ጋርም አይቀላቀልም።

ኤሌክትሪክ ላይ ያለው ፍርሃት ከመጠን ያለፈ ነው። «ውሃ የሚያሞቅ ማሽን ቆጣሪ ያስሮጣል» ተብሎ ማሞቂያ የሌለውን የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። ያው ሰው ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ማሽኑ 2 ኪሎዋት ገደማ የሚስበው ውሃውን በሚያሞቅበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሞተሩ ነው። አንድ የ60 ዲግሪ እጥበት ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ማሽኑን ምጣድና ቦይለር ከተሰኩበት መስመር ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ገመድ ያቀልጣል። ለማሽኑ የራሱ ሶኬትና የምድር ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ናቸውና የምድር ሽቦው ቅንጦት አይደለም። ስታቢላይዘር የሚገዛ ሰው ደግሞ የማቀዝቀዣዋን ትንሿን አምጥቶ ባያስራት ጥሩ ነው። 2 ኪሎዋት ለሚስብ ዕቃ ከዚያ በላይ አቅም ያለው መሆን አለበት።

ከውጭ በዘመድ በኩል ስለሚመጣውም አንድ ቃል። በአሜሪካ ቤቶች ያለው ማሽን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያው መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በዚያ ላይ የአሜሪካው ማሽን ብዙ ጊዜ ሙቅ ውሃ ከቤቱ ቦይለር የሚጠብቅ ነው። የሳዑዲውም መስመር 60 ኸርዝ ነው፤ የኢምሬትሱ ግን 50 በመሆኑ ይስማማል። ለእናቱ ማሽን በኮንቴይነር የሚጭን ልጅ የጭነቱን ዋጋ ቢልክ ቤተሰቡ እዚሁ ደህና ዕቃ ይገዛበታል።

አሁን ወደ ኪሎው ይመለሳል። የአስታማሚ ልብስ ሊጠራቀም አይገባም፤ ያደረ እድፍ ይደርቃል፣ ይሸታል፣ ጨርቁንም ይበላል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚታጠበው። 12 ኪሎ በሚይዝ ከበሮ ውስጥ 2 አንሶላ ሲገባ ወደ አንድ ጎን ይከመርና ማሽኑ ሚዛን ስቶ አልጨምቅም ይላል። በጣም የቆሸሸ ልብስ ሲሆን ደግሞ ከበሮው ከግማሽ ወይም ከሁለት ሦስተኛ በላይ ባይሞላ ይመረጣል፤ ውሃው የሚዘዋወርበት ቦታ ይፈልጋልና። ስለዚህ ለአንድ ሕመምተኛ 7 ወይም 8 ኪሎ በቂ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ በየሳምንቱ ለብቻቸው ይገባሉ። ከ12 ኪሎው የሚተርፈው ገንዘብ ለፓምፕ፣ ለሶኬት፣ ለተጨማሪ 6 አንሶላ ቢውል ለአስታማሚዋ የበለጠ ዕረፍት ይሰጣታል። አንሶላው እንደ ማሽኑ ሁሉ ሥራ ይቀንሳል፤ ይህን ግን የማሽን ሻጭ አይነግርም።

ከላይ የሚከፈተው ማሽን አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው፤ ወገብ አያስጎነብስም። ይህ ለአስታማሚ ትንሽ ነገር አይደለም። ከፊት የሚከፈተውን የገዛ ሰው ብሎኬትና ሲሚንቶ አስገንብቶ ከፍ አድርጎ ቢያስቀምጠው፣ እንዳይንሸራተትም ከሥሩ ጎማ ቢደረግለት ያው ጥቅም ይገኛል።

ማንኛውም ማሽን ቢገዛ ዓይነ ምድሩ በማንኪያ ወይም በካርቶን ቁራጭ ተጠርጎ ወደ መጸዳጃ ሳይጣል ልብሱ ማሽን ውስጥ አይገባም። ከገባ ከታች ያለው የፓምፕ ማጣሪያ ይደፈናል፤ ማሽኑ «ተበላሸ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ማጣሪያው በሳምንት አንድ ቀን በጓንት ይጸዳ። የበሩ ጎማ እጥፋት ይጠረግ፤ በሩ ክፍት ይደር፤ በወር አንዴ ባዶውን በሙቅ ይዙር። የእጅ ዱቄት ሳሙና አረፋው ብዙ ስለሆነ ከፊት ለሚከፈት ማሽን አይሆንም፤ የማሽን ተብሎ የሚሸጠው አለ። ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ውሃ የማያስገባ ላስቲክ ደግሞ በምንም ምክንያት መጭመቂያ ውስጥ መግባት የለበትም። ውሃ ይቋጥርና በከፍተኛ ዙር ላይ ማሽኑን ከቦታው ያስነሳዋል፤ በእጅ ታጥቦ ይሰጣ። የፍሳሹ ቱቦም የዝናብ ውሃ ወደሚወርድበት ቦይ ሳይሆን ወደ መጸዳጃው መስመር መሄድ አለበት፤ ጎረቤትም ሰው ነው።

ሸማቹ ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት ማለት ግን ጥፋቱ የሸማቹ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። አስመጪው በዶላር የሚገዛውን ዕቃ ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ማሞቂያ የሌለውን፣ ኪሎው ግን ከፍ ያለውን ቢያመጣ አይደንቅም፤ በመደርደሪያ ላይ የሚታየው ኪሎው ነውና። ይህ ስሌት ግን አጭር ነው። ምንዛሪው በከበደ ቁጥር የተሳሳተ ማሽን የገዛ ቤተሰብ ሌላ መግዛት አይችልም፤ የሱቁንም ስም ለዘመድ ሁሉ ያወራል። በአንጻሩ 7 ኪሎ፣ 2000 ዋት፣ መደወያው በእጅ የሚዞር ቀላል ማሽን አምጥቶ፣ ሬዚስታንሱን፣ የፍሳሽ ፓምፑንና የበሩን ጎማ በመጋዘኑ የያዘ ነጋዴ ይህን ገበያ ብቻውን ያገኘዋል። ቶሎ የሚያልቁት እነዚህ 3 ዕቃዎች ናቸው። የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጥቶ መለዋወጫውን ምናለሽ ተራ ፈልጉ የሚል ሱቅ ዋስትናው ወረቀት ነው። ለአስታማሚ ቤት የማሽን መቆም ማለት በዚያው ዕለት 4 አንሶላ በእጅ ማለት ነው፤ «ዕቃው በሚቀጥለው ወር ይመጣል» የሚለው መልስ አይሠራም።

ከሽያጭ ይልቅ ደግሞ ኪራይ ይበልጥ የሚያዋጣ ይመስላል። ማስታመም በአብዛኛው ጊዜ አለው፤ 3 ወር፣ 8 ወር፣ ዓመት ከመንፈቅ። ሕመምተኛው ይድናል ወይም ያርፋል፤ ማሽኑ ይቀራል። በሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብም ለደላላ በርካሽ ይሸጠዋል። ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ ነጋዴ በየሰፈሩ በሞላበት ከተማ የማጠቢያ ማሽን በወር ሒሳብ የሚያከራይ፣ ግፊቱንና ሶኬቱን አይቶ የሚተክል፣ ሲበላሽ በዕለቱ የሚቀይር፣ ሲመለስለት በሙቅ ውሃና በክሎሪን አጽድቶ ለሌላው የሚያደርስ ድርጅት ቢቋቋም ደንበኛ አያጣም። መያዣ ገንዘብ ይቀበላል፤ ማሽኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሞዴል ከሆነ መለዋወጫውም አንድ ይሆንለታል።

ላውንደሪ ላላቸውም በር አለ። ተራው ላውንደሪ እንዲህ ያለውን ልብስ ለመቀበል ያመነታል፤ አይፈረድበትም፤ ከሌላው ደንበኛ ሸሚዝ ጋር አንድ ማሽን ውስጥ ሊያስገባው አይችልም። በሆስፒታል ደረጃ የሚሠሩት ማሽኖች በሁለት በኩል በር አላቸው፤ የቆሸሸው በአንዱ ክፍል ይገባል፣ የጸዳው በሌላው ክፍል ይወጣል። ለአንድ ሰፈር ላውንደሪ ይህ ውድ ነው። ለብቻው የተለየ 1 ማሽን፣ ለብቻው የተለየ ክፍል፣ ጓንት፣ ቀለማቸው የተለየ ከረጢቶችና ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልስ ሞተረኛ ግን ከአቅም በላይ አይደለም። እንደ መቄዶንያ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና ሕሙማንን የያዙ ማዕከላት የሚያስፈልጋቸው ማሽን ከዚህ ሁሉ የተለየና የትልቅ አስመጪ ሥራ ነው። በየቤቱ ያለው አንድ አንድ ሕመምተኛ ግን የትንሹ ነጋዴ ገበያ ነው፤ ልብሱም ነገ ጠዋት መታጠብ አለበት።